ሽቦው ሳይለካ የተፈረደበት ሾፌር

ለተከበሩ አቶ ገብረየስ ጸጋዬ
የማዶ ለማዶ መረዳጃ ዕድር ሊቀ መንበር
ሲልቨር ስፕሪንግ

ግልባጭ፦ ከወንዙ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂንያ በኩል ለሚኖሩ የዕድሩ አባላት በሙሉ፣ በቴሌግራም ገጻችን

ጉዳዩ፦ የዕድሩን ቫን፣ ሾፌሩን አቶ ወንድሜነህንና እኔ ያነሳሁትን እጅ ይመለከታል

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የደም ግፊትዎ ሐኪምዎን ደስ በሚያሰኝ ልክ ላይ፣ ጉልበትዎም የአዳራሹን ደረጃ ለመውጣት በሚበቃ ብርታት ላይ፣ የግል መኪናዎም በዳሽቦርዷ ላይ አንዲት መብራት እንኳ ሳታበራ እንድትገኝ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት የጨመርኩት ለወግ ያህል አይደለም፤ በእኛ ዕድር ውስጥ መብራት የበራባት መኪና ምን እንደሚገጥማት፣ ከመኪናዋም ይልቅ መሪዋን የያዘው ሰው ምን እንደሚደርስበት በቅርቡ አብረን ስላየን ነው።

እኔ ሀዲስ ወልደአምላክ የኮሚቴዎ አባል ስሆን በሙያዬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ የምተዳደረውም ሌሎች መሐንዲሶች የነደፉትን የሕንፃ ኤሌክትሪክ መስመር እየመረመርኩ ስህተቱን በቀይ በማስመር ነው። ይህን የምጠቅሰው ለመመካት ሳይሆን፣ ከዚህ በታች በምዘረዝረው ጉዳይ «አላውቅም ነበር» ብዬ የማመልጥበትን በር ገና ከመነሻው በራሴ ላይ ለመዝጋት ነው።

እንደሚታወቀው ባለፈው ቅዳሜ የተሰበሰበው ኮሚቴ የዕድሩን ቫን የሚነዳልን አቶ ወንድሜነህ የሞተሩን ዘይት በወቅቱ ባለመቀየሩ «በቸልተኝነት የዕድሩን ንብረት አበላሽቷል» በማለት ከሥራው እንዲሰናበት ወስኗል፤ ውሳኔውም የፊታችን እሑድ አሌክሳንድሪያ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ፊት እንዲጸድቅ ይቀርባል። ወንድሜነህ ለአካባቢው መስተዳድር፣ ለካውንቲው፣ አውቶቡስ ሾፌርነት አመልክቶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ የቀረው ነገር የካውንቲው ሰዎች ለእርስዎ ደውለው «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሾፌር ነው?» ብለው መጠየቃቸው ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጉባኤው ካጸደቀ እርስዎ እንደ ሐቀኛ ሰው «ቸልተኛ ነው» ብለው መመለስ ግድ ይሆንብዎታል። በዚያ ውሳኔ ላይ እጃቸውን ካነሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ያን እጅ ለማውረድ ነው፤ እጅን ማውረድ ከማንሳት ይልቅ ይህን ያህል ብዙ ቃላት እንደሚጠይቅ ግን ቀደም ብዬ አላሰብኩበትም ነበር።

ነገሩ ከየት እንደተነሳ ለማያውቁ አባላት ባጭሩ ላስታውስ። ቫኗ አረጋውያኖቻችንን ይዛ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ስትሄድ፣ ቤልትዌይ በሚባለው የቀለበት መንገድ ላይ፣ ከፖቶማክ ድልድይ መሃል፣ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ በሚንቀረፈፍበት ቦታ ቼክ ኢንጂን የሚባለው ቢጫ መብራት በራና ሞተሯ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ወንድሜነህ እንዳጫወተኝ ከሆነ ከእሱ ይልቅ ተሳፋሪዎቹ የተረጋጉ ነበሩ፤ በኮሚቴያችን ውስጥ የአረጋውያን ተወካይ የሆኑት እማማ እታለማሁ ከኋላ ወንበር ሆነው «አይዞህ ልጄ፣ አትደንግጥ፤ ሟቹ እንደሆነ ትቶን የትም አይሄድ» ብለውታል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለተደረገው ሁሉ የሚከተለውን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር የምወድ ሰው መሆኔን ያውቃሉና እንደሚታገሱኝ እተማመናለሁ።

፩. በመጀመሪያ ላመሰግንዎ የምወደው ለፍትሐዊነትዎ ነው። ዕድራችን ሁለት አባል መካኒኮች አሉት፤ ሙላቱ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሲራክ በአሌክሳንድሪያ። እርስዎም አንዱ ወገን ተበደልኩ እንዳይል፣ የፖቶማክ ወንዝም ከመሬቱ አልፎ ልባችንን እንዳይከፍለው በማሰብ፣ ቫኗ በታመመች ቁጥር አንድ ጊዜ ወደ ሙላቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሲራክ በተራ እንድትሄድ ደንግገዋል። በሌላው ዓለም ለበሽተኛ ሐኪም የሚመረጥለት እንደ በሽታው ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን እንደ ተራው ነው። በዚሁ መሠረት ሙላቱ ጥፋትን በኮድ በሚያነበው መሣሪያ ቫኗን ስካን አደረጋት፤ የወጣው ኮድ የካምሻፍቱን ሰዓት የምታስተካክለው ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ችግር እንዳለ የሚናገር ነበር፤ እሱም ሶሌኖይዷን በአዲስ ቀየራት። መብራቱ ጠፋ። በቴሌግራም ገጻችን ላይ ምስጋናው ጎረፈ፤ እርስዎም «ልጆቻችን ካሉ ሻጩ ኩባንያ፣ ዲለር ጋር ምን ያስሄደናል!» ብለው ጻፉ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ተመልሶ በራ። ተራው የሲራክ ሆነ።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ በመካኒኮቻችን መካከል ላሰፈኑት መከባበር ነው። ሲራክ ቫኗን ሲመረምር ያንኑ ኮድ አገኘ፤ ሶሌኖይዷን ነቅሎ ቢያያትም ገና ከካርቶኗ የወጣች ያህል ታበራለች። ይሉኝታ የማያውቅ መካኒክ ቢሆን ኖሮ «አዲሱ ዕቃም ያንኑ ኮድ ካመጣ ጥፋቱ ያለው ዕቃው ላይ አይደለም፤ ወደ ዕቃው የሚሄደው ሽቦ ይለካ» ይል ነበር። ይህን ማለት ግን ሙላቱ ሳይለካ ቀየረ ማለት ይሆንበታል። ስለዚህ ሲራክ «የሙላቱ ሥራ እንከን አይወጣለትም፤ ዕቃው ነው ከፋብሪካው ሲመጣ ልፍስፍስ ሆኖ የመጣው» አለና የሌላ ፋብሪካ ሶሌኖይድ ገጠመ። መብራቱ ጠፋ፤ አጨበጨብን፤ መብራቱ በራ። ቫኗ እንደገና ወደ ሙላቱ ስትመለስ ሙላቱ በበኩሉ ውለታውን መለሰ፤ «ሲራክ የገጠመው ዕቃማ ምን ይወጣለታል! ምናልባት ዘይቱ ቢታይ» አለ። እንግዲህ ሁለቱም ሶሌኖይዶች ንጹሕ፣ ሁለቱም መካኒኮች ንጹሕ ከሆኑ የቀረው ዘይቱ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ አፍ ስለሌለው ስለ ዘይቱ የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው። እኛ መሐንዲሶች ይህን በማስወገድ መድረስ እንለዋለን። ዘዴው ትክክለኛ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ነገር ተለክቶ ሲወገድ እንጂ ተፈርቶ ሲወገድ አይደለም።

፫. በሦስተኛ ደረጃ በስብሰባው ላይ ላደረጉት አጭርና ግልጽ ንግግር አመሰግናለሁ። «መኪና ያለ ዘይት ይሄዳል እንዴ? አይሄድም። እንግዲያስ ምን ያከራክረናል?» ሲሉ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ፤ እኔም ነቅንቄያለሁ። ንግግርዎ እውነት ነበር። መኪና ያለ ዘይት አይሄድም፤ ያለ ጎማም አይሄድም። ጥያቄው ግን እሱ አልነበረም፤ ጥያቄው ምን እንደነበረ መናገር የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ዘግይቼም ቢሆን ልናገር።

በቫኗ ሞተር ውስጥ ካምሻፍት የሚባል፣ ቫልቮቹን በየተራቸው የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ አለ። ሞተሩ ሲፈጥንና ሲዘገይ ቫልቮቹ የሚከፈቱበት ሰዓት ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ማለት ስላለበት፣ ኮምፒውተሩ ሶሌኖይድ በምትባል አውራ ጣት በምታክል የኤሌክትሪክ መክፈቻ በኩል ዘይት እየለቀቀ ዘንጉን ያስተካክለዋል። ትዕዛዙ ወደ ሶሌኖይዷ የሚደርሰው በቀጭን ሽቦ ነው። ኮምፒውተሩ ታዲያ ሁለት ዓይነት አቤቱታ አለው። አንደኛው «አዝዤ ነበር፣ ዘንጉ ግን በሰዓቱ አልተንቀሳቀሰልኝም» የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ዘይቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁለተኛው «ትዕዛዜ በሽቦው በትክክል አላለፈም» የሚል ነው፤ ይህ የኤሌክትሪክ መስመር ጉዳይ ስለሆነ ዘይቱ እንደ ማር ቢጠራም ሆነ እንደ ሬንጅ ቢወፍር ይህን አቤቱታ አያመጣውም፣ አያስቀረውምም። በሁለቱም ጋራዦች ስካነር ላይ ደጋግሞ የወጣው ኮድ ሁለተኛው ነው። በሌላ አነጋገር ቫኗ ራሷ «ሾፌሩን ተዉት» እያለች ስትመሰክር ነበር፤ ምስክርነቷን የሰጠችው ግን በፊደልና በቁጥር ስለነበረ በቃለ ጉባኤው ላይ የሚመዘግብላት አላገኘችም። ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ብዕሩን ይከፍትና ይዘጋ ነበር።

፬. ወደ አራተኛው ደርሻለሁ፤ ይህን ተራ ቁጥር ብዘለው ደስ ባለኝ። በስብሰባው መሃል ወደ እኔ ዞረው «ኢንጂነር፣ የኤሌክትሪክ ነገር ያንተ ነው፤ እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግንዎታለሁ። ከኮሚቴው ሁሉ የመለካት ዕድል ያገኘ ሰው ቢኖር በዚያች ደቂቃ እኔ ነበርኩ። የመለስኩልዎት «በቂ መረጃ ሳይኖረኝ አስተያየት ለመስጠት አልደፍርም» ብዬ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በሥራ ቦታዬ ብዙ ጊዜ የሚያስመሰግነኝ ነው፤ ቃል በቃል ቢመረመርም ሐሰት የሚመስል ነገር የለበትም። ሐሰት ነበር። መረጃው ነበረኝ።

ከስብሰባው ቀደም ብዬ፣ ቫኗ አሌክሳንድሪያ ከአዳራሹ ጀርባ በሯ ሳይቆለፍ ቆማ ስለነበረ፣ ብቻዬን ሄጄ ኮፈኗን ከፍቼ በእጅ ባትሪ ተመልክቻለሁ። ወደ ሶሌኖይዷ የሚሄደው የሽቦ እስር ከፕላስቲክ መያዣው ወጥቶ በአንድ የብረት ደጋፊ ጠርዝ ላይ ተጋድሟል፤ ሽፋኑም ጠርዙን በነካበት በኩል ተፍቆ ሳስቷል። መያዣው ባዶውን ቆሟል። ያን ሽቦ ከመያዣው ሳያወጡ ሊሠራ የማይቻል አንድ ሥራ በዚያ ሞተር ላይ ተሠርቷል፤ ባለፈው ክረምት የሞተሩ የላይኛ ክዳን ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበረ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ተቀይሯል። የቀየረው ሙላቱ ነው። ሙላቱ ደግሞ አበልጄ ነው፤ ልጁን ፊልሞንን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አበልጅነት ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። በኮሚቴ ፊት፣ ሲራክም ተጠርቶ በተቀመጠበት፣ «የአበልጄ እጅ ነው ያበላሸው» ማለት ምላሴ ላይ ከበደኝ። ስለዚህ ኮፈኑን መልሼ ዘጋሁት፤ ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጄ ይዤ ቀስ አድርጌ ነበር የዘጋሁት፤ በአካባቢው ግን ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩና የነገርኩዎትን ዓረፍተ ነገር ነገርኩዎ። እርስዎም ወዲያው ለተሰብሳቢው «ይኸው፣ ባለሙያውም ዘይት አይደለም አላለም» ብለው ተረጎሙት። ትርጉሙን አላረምኩም። እጅ ይነሳ ሲባል ከእኔ በፊት ያነሱትን ቆጥሬ ሳይሆን፣ ከእኔ በኋላ እንዳልቀር ፈርቼ አነሳሁ።

፭. አምስተኛው ምስጋና ለቃለ ጉባኤው ጸሐፊ ይድረስልኝ። «ሾፌሩ ተጠርቶ ሳለ ኮሚቴውን በመናቅ ሳይገኝ ቀርቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ገጽ ላይ ከሰፈረው «የአረጋውያኑ ምልልስ በበጎ ፈቃደኞች እየተሸፈነ ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም» ከሚለው ጋር ምንኛ በሰላም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል! እነዚያን በጎ ፈቃደኞች ለማመስገን ስማቸውን ባፈላልግ አጣሁት። ያገኘሁት ትናንት፣ ሐሙስ ነው፤ እንዴት እንዳገኘሁትም አሁን እገልጻለሁ።

ሐሙስ ዕለት ወንድሜነህ የቫኗን ቁልፍ ይዞ ወደ አሌክሳንድሪያ እንዲመጣልኝ ደወልኩለት። ሲደርስ ከመኪናው ሳይወርድ ቁልፉን በመስኮት ዘረጋልኝና «ጋሽ ሀዲስ፣ ሊረከቡኝ ነው አይደል? ይኸው፤ ትርፉ ቁልፍም አብሮ አለ» አለኝ። ልንለካ እንደሆነ ስነግረው ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ተስፋ ብዬ ልጠራው አልደፍርም፤ ጥንቃቄ ነበር። እያንዳንዱን እርምጃ እሑድ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝና ባጭሩ ላስቀምጠው። የባትሪውን ገመድ ፈታን። ሶሌኖይዷን ከሽቦዋ አላቅቄ ስለካት ጤነኛ ናት። ወንድሜነህ ተነቅለው የተጣሉትን ሁለቱን ከቫኗ ኋላ ካርቶን ውስጥ አስቀምጧቸው ስለነበር እነሱንም ለካሁ፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። አንዳቸውም አልሞቱም ነበር፤ እኛ ግን ሁለት ጊዜ ተክተናቸዋል። ቀጥሎ የትዕዛዙን ሽቦ ከኮምፒውተሩም በኩል አላቅቄ አንዱን የቴስተር ጫፍ በሽቦው ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አደረግሁ። በሁለቱ መካከል ምንም መገናኘት ሊኖር አይገባም፤ መገናኘት ሲኖር የሚጮኸው ቴስተርም ዝም አለ። ከዚያ ወንድሜነህን «እስቲ ሞተሩን ወደዚያ ገፋ አድርገው» አልኩት።

ቴስተሩ ጮኸ። «ኧረ! ምንድን ነው እሱ?» አለ ወንድሜነህ። ጥፋቱ እንደሆነ ነገርኩት። «የኔ?» አለኝ። ሊቀ መንበር ሆይ፣ አንድ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ገና ድምፁን ሲሰማ «የኔ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደረግነው እኛ ነን። ያንተ አይደለም አልኩት፤ ሽፋኑ ተፍቆ የወጣው መዳብ ብረቱን በነካ ቁጥር ሶሌኖይዷ ኮምፒውተሩ ሳያዛት እንደምትከፈት፣ በዚህም ምክንያት ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ለምሳሌ ድልድይ ላይ በትራፊክ መሃል፣ ተንቀጥቅጦ እንደሚጠፋ አስረዳሁት። መካኒኮቹ ሶሌኖይዷን ለመቀየር እጃቸውን ባስገቡ ቁጥር ሽቦውን ስለሚገፉት መዳቡ ከብረቱ ይላቀቅና መብራቱ ይጠፋ እንደነበረ፣ መንገዱና ንዝረቱ ሲመልሰው ደግሞ መልሶ ይበራ እንደነበረም ነገርኩት። ዘይቱንም በመለኪያው አወጣሁና አየሁ፤ ልኩ ሙሉ ነው፣ መልኩም ወንድሜነህ ለፋሲካ ቀየርኩት ካለው ዘይት የሚጠበቀው ነው። ከዚህ ያለፈውን ስለማላውቅ አልናገርም።

ወንድሜነህ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን አየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ጋሼ፣ እርስዎ መቼ አዩት?» አለኝ። የእጅ ባትሪዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራሁት በዚያን ዕለት እንዳልሆነ እጄ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ገምቶት ነበር። «ከቅዳሜ በፊት?» አለ። ከቅዳሜ በፊት አልኩት። ምስጋናም፣ ወቀሳም ጠብቄ ነበር፤ ለሁለቱም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠረገና ስልኩን አየት አድርጎ «እማማ እታለማሁን ከዳያሊሲስ የማወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ትራፊኩ ሳይዘኝ ልሂድ» ብሎ በራሱ መኪና ሄደ።

የበጎ ፈቃደኞቹን ስም ያገኘሁት እንዲህ ነው። ብዙ ቁጥሩ የጸሐፊው ስህተት ነው፤ አንድ ሰው ናቸው። እማማ እታለማሁ ኩላሊታቸው የሚታጠበው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንደሆነ ከኮሚቴው የማያውቅ የለም፤ ቫኗ ከቆመች ጀምሮ ማን እንደሚያደርሳቸው ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ እኛ «በመናቅ ሳይገኝ ቀርቷል» ብለን ስናስጽፍ፣ ሾፌሩ የዚሁኑ የተናቀ ኮሚቴ አባል፣ እማማ እታለማሁን፣ ሆስፒታል አድርሶ በር ላይ እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ ተነስቼ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ሙላቱ ጋራዥ ሄድኩ። እሱን ሳልነግረው በአደባባይ ልጽፍ አይገባኝም ነበር። ከአንድ መኪና ሥር ተኝቶ እየሠራ ስለነበር ለእግሩ ነው የነገርኩት፤ ሽቦው ከመያዣው እንደወጣ፣ መቼ እንደወጣ፣ እኔም መቼ እንዳየሁት። ተንሸራቶ ወጣና ቁጭ ብሎ «አበልጄ፣ አይተኸው ነው ዝም ያልከኝ?» አለኝ። ስለ አንተ ብዬ ነው አልኩት። «ስለ እኔ? እኔ ሰው ይባረርልኝ ብዬ ለመንኩህ? ሽቦ ቦታው ሳይመለስ ቀረ፤ ይኼ የሚደርስ ነገር ነው፤ ኮል ብታደርግልኝ ዕቃዬን ይዤ መጥቼ አስሬው እሄድ አልነበር? አሁን ግን በእኔ ስም ሰው አስበላህ» አለኝ። ሙላቱ ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባና ከዚያው ሆኖ «እሑድ እመጣለሁ፤ ራሴው እናገራለሁ» አለ። ፊቱን ግን አላሳየኝም።

ሊቀ መንበር ሆይ፣ ክብሩን ልጠብቅለት ብዬ አንድ ሰው የሸጥኩለት አበልጄ፣ ክብሩ በአንድ ያልታሰረ ሽቦ የሚጠፋ አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ሰው አድርጌ የገመትኩት እኔ ነኝ። ሲራክም ቢሆን «ሽቦው ይለካ» ቢባል የሚቀየም ሰው መሆኑን ጠይቀን አናውቅም። ሁላችንም እርስ በርሳችን ልንከባበር ስንል በመካከላችን ሊቆጣን የማይችለውን ሰው መርጠን በእሱ ላይ ተስማማን። ስብሰባው በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በማስታወቂያዎ ላይ በደማቁ ስላሰፈሩት አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ስምምነት በዕድራችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሽቦውን አልጠገንኩትም። ለመጠገን ትንሽ መጠቅለያና አንድ ማሰሪያ ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን ጠግኜው ቢሆን ኖሮ እሑድ የሚቀረን ነገር የእኔ ቃል ብቻ ይሆናል፤ የእኔ ቃል ደግሞ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያወጣ አሳይቻለሁ። ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ቫኗ ከአዳራሹ ጀርባ ኮፈኗ ተከፍቶ ትቆማለች። ቴስተሩን ለሚፈልግ ሁሉ እሰጣለሁ። መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሞተሩን ገፋ አድርጎ መስማት በቂ ነው። ጉልበትዎ ከፈቀደ እርስዎ ቀዳሚ ቢሆኑልን ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል።

ጉባኤው ሲጀመር ደግሞ «በቸልተኝነት» የሚለውን ቃል ከውሳኔው እንዳይሰርዙት እለምናለሁ። ከመላው ቃለ ጉባኤ በትክክል የተመረጠው ቃል እሱ ነው። የሚስተካከለው ስሙ ብቻ ነው። አቶ ወንድሜነህ በሚለው ቦታ ሀዲስ ወልደአምላክ ተብሎ ይጻፍ፤ ከእኔ በታች እጃቸውን ያነሱት የቀሩት አባላት እንዲጻፉ ማስገደድ አልፈልግም፤ ቦታው ግን ክፍት ይተውላቸው። የካውንቲው ሰዎች የደወሉ እንደሆነም ስለ ሾፌሩ የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሯቸው፤ ድልድይ መሃል ሞተር ጠፍቶበት አረጋውያንን በሰላም ያደረሰ፣ ከሥራ ካባረርነውም በኋላ በራሱ መኪና የሠራልን ሰው ነው። ይህን ለመናገር ከከበደዎ ስልኩን ለእኔ ያቀብሉኝ፤ አሁን በቂ መረጃ አለኝ።

እሑድ በጉባኤው ፊት ለወንድሜነህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅር ይለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን እንደ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጥኩትም፣ የማስቀመጥ መብትም የለኝም።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ሰጥቶዎ፣ ለሁለቱም የወንዝ ዳርቻዎች እኩል የሚያበራውን አመራርዎን እንደያዙ እንዲቆዩ፣ ወንበርዎም ከሚነዝሩ ነገሮች ሁሉ የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ አይቶ የዘጋውን ለመክፈት የዘገየው፣ ሁልጊዜ አክባሪዎ፣

ሀዲስ ወልደአምላክ
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል፣ ቢያንስ እስከ እሑድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከመላኬ በፊት የእርስዎ መልእክት ደረሰኝ፤ «ኢንጂነር፣ ነገሩን ሙላቱ ነግሮኛል፤ ፖስት እንዳታደርገው፣ በሽምግልና እንጨርሰዋለን» ይላል። ስለ ቀና ሐሳብዎ አመሰግናለሁ። ሽማግሌ የሚሆነው እጁን ያላነሳ ሰው መሆን አለበት ብዬ ከኮሚቴው ውስጥ ብፈልግ ያገኘሁት እማማ እታለማሁን ብቻ ስለሆነ ደውዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸውን ቃል በቃል አደርስዎታለሁ፦ «እናንተ መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ በሉት። ከዚያ ወዲያ የሚሸመገል ነገር ከተረፋችሁ እመጣለሁ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ግን እንዳትጠሩኝ፤ እጄ መርፌ ላይ ነው፣ አይነሳም።»